ሩጫ በልክ፦ የአዳይቱ ምልልስ

አዳይቱ የምትገኘው ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚመላለስ፣ ጭነት የያዙ ተሳቢዎች ቀንም ሌሊትም ከዚህ መንገድ አይጠፉም። በመስመሩ ላይ ሁለት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን ይታያል። አንዱ ከግመሉና ከፍየሉ ኋላ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄደው የአርብቶ አደሩ ኑሮ ነው፤ ሌላው ተቀምጦ የሚውለው የሾፌሩ፣ የባለሱቁና የቢሮ ሠራተኛው ኑሮ ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው ለጤናዬ ብሎ ሩጫ ቢጀምር ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? የሚከተለው ምልልስ ጥያቄውን በሁለት አንደበት ይመረምራል። አንዱ ተናጋሪ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ጎልማሳ ሾፌር ነው፤ ሌላዋ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ክርክራቸው የብዙ ሰው ክርክር ስለሆነ ስም አላወጣሁላቸውም።

ሾፌሩ፦ ሲስተር፣ ሩጫ ለጤና ጥሩ ነው ስትዪ እሰማለሁ። በእኛ አገር ግን ሩጫ ባለቤት ያለው ነገር ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ፣ ሩጫ ሲባል የሚታየን ባንዲራ ሲሰቀል ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ፣ ኃይሌ አትላንታና ሲድኒ ላይ፣ ቀነኒሳ አቴንስና ቤጂንግ ላይ ያደረጉትን ሁላችንም እናውቃለን። እነሱ ደጋ ላይ፣ ከልጅነታቸው ትምህርት ቤት እየሮጡ ያደጉ ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ያደጉባት በቆጂ እኮ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ናት። ዕድሜውን ጋቢና ውስጥ የጨረሰ፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ቱታ ለብሶ ቢነሳ ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? በዚያ ላይ እንዲህ ባለ ከተማ ትልቅ ሰው ሲሮጥ ከታየ ሰው ሁሉ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ነው የሚደነግጠው። ሩጫውን ለአትሌቱ፣ እግሩን ለእረኛው፣ መሪውን ለሾፌሩ ብንተወው ምን ይጎድላል?

ሲስተር፦ የሾፌሩ ጤና ይጎድላል፣ ጋሼ። እረኛውን ሩጥ የሚለው ሰው የለም፤ እሱ በቀን የሚሄደው ከበቂ በላይ ነው። እኔ የምለው ከአዋሽ ጅቡቲ ድረስ ከወንበሩ የማይነሳውን፣ ሲያርፍም ጫት ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ነው። የደም ግፊትና ስኳር ድምፅ ሳያሰሙ የሚገቡት እሱ ቤት ነው። ለዚህ ሰው የሶምሶማ ሩጫ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 55,137 ጎልማሶችን በአማካይ ለ15 ዓመታት ተከታትሎ፣ የሚሮጡት በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከማይሮጡት በ30 በመቶ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ45 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ፦ ይህን ጥቅም ለማግኘት በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ያውም በዝግታ መሮጥ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጎልማሳ የሚመክረው በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ ወይም ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ለዘብ ያለ እንቅስቃሴ ነው። አበበም ሆነ ደራርቱ የሮጡት ሌላውን ለመቅደም ነበር። ለጤና የሚሮጥ ሰው ግን የሚቀድመው ማንም የለም፤ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ልኩ ድረስ የሱ ሩጫ ሌላ ነው።

ሾፌሩ፦ ቁጥሩ ያምራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው የሚሮጠው፤ የታመመማ ከአልጋው መች ይነሳል? ታዲያ የሚሮጡት ረጅም ዕድሜ ቢኖሩ ሩጫው ነው ያኖራቸው ወይስ ጤናቸው ነው ያስሮጣቸው? ደግሞ ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ነው። ጥላ ያለው መናፈሻ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በቅርብ ሐኪም ያለው ሰው የተጠቀመበትን ነገር እንዴት እንዳለ አምጥተሽ ለአዳይቱ ሰው ታደርጊዋለሽ?

ሲስተር፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ተመራማሪዎቹም ራሳቸውን የጠየቁት ነው። በማጨስ፣ በውፍረት፣ በዕድሜና በነበረ በሽታ ያለውን ልዩነት አቻችለው አስልተዋል። እንዲያም ሆኖ ሰዎችን በመከታተል ብቻ የተገኘ ውጤት መንስኤውን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም፤ በዚህ እስማማለሁ። እምነቴን የሚያጠነክርልኝ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ነው። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ወገን እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሌላውን እንደነበረ እንዲቆይ ባደረጉ ሙከራዎች፣ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ትንፋሽ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ሲያዘወትሩ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ዝቅ ይላል። እዚያ ላይ ጤነኛው መርጦ ሮጠ ሊባል አይችልም፤ የለየው ዕጣው ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን እውነት አለው። ልብና ደም ሥር የአሜሪካም ሆነ የአፋር ያው ነው፤ አየሩ፣ መንገዱና ውኃው ግን ያው አይደለም። ስለዚህ ጥቅሙን ከጥናቱ መውሰድ፣ ልኩን ግን ከአገሩ መማር ይገባል። ሙግቴ በሙሉ ከዚህ ላይ ነው የሚነሳው፦ የተራ ሰው ሩጫ ከፍም ዝቅም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ያልሆነ ልክ በመዋሱ ነው።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው ከአየሩ እንጀምር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን አስታውሺ። ሙቀቱን ለመሸሽ ብለው በእኩለ ሌሊት ነው ያስጀመሩት። እንደዚያም ሆኖ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ግድም፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱም የኢትዮጵያ ልጆች አሉበት፤ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ። የዓለም ምርጦች በሌሊት ያልቻሉትን ሙቀት የአዳይቱ ባለሱቅ እንዴት ይችለዋል? በግንቦትና በሰኔ እዚህ ቀኑ 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ የመኪና በር እጀታ በባዶ እጅ አይያዝም።

ሲስተር፦ የዶሃው ምሳሌ ለእኔም ይመሰክራል፣ ጋሼ። ሰው ሲሮጥ ጡንቻው ከሚያቃጥለው ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። በፈጠነ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ያንን ሙቀት ከሰውነት የሚያስወጣው ዋናው መንገድ ደግሞ የላብ መትነን ነው። ዶሃ ላይ አየሩ እርጥበት ስለሞላው ላቡ እንደልብ አልተነነም፤ ሯጮቹም 42 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት ነበር የሚሄዱት። ከሳምንት በኋላ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጥቂት ቀዝቀዝ ባለ ሌሊት የወንዶቹን ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል። የሦስትና አራት ዲግሪና የእርጥበት ልዩነት ይህን ያህል ከወሰነ፣ ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰዓትና ወቅት መምረጥ ከጉልበት ይበልጣል። አፋሮች ጊላል የሚሉት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የሩጫ ወቅት ነው። ሐጋይ በሚሉት የሙቀት ወቅት ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በእግር መሄድ ይበቃል፤ ለአንዳንዱ ሰው እሱንም መተው ነው የሚሻለው። ከደጋ የመጣ ሰውም ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ አንድና ሁለት ሳምንት ቀስ እያለ መቆየት አለበት።

የአዳይቱ አየር ደረቅ መሆኑ ያግዛል፤ ላቡ ቶሎ ይተናል። ግን ይህ ራሱ ያታልላል። ሯጩ ሰውነቱን ዳሶ ደረቅ ሲያገኘው ብዙ ያላበው አይመስለውም። ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ቢያይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ በነጭ የጨው መስመር ተዥጎርጉሮ ያገኘዋል፤ ውኃው በንኖ ጨው ብቻ ቀርቷል። አየሩ ደግሞ ከቆዳችን ሙቀት፣ ከ35 ዲግሪ ግድም ካለፈ፣ ነፋሱ ራሱ ማቀዝቀዙን ትቶ ሰውነትን ማሞቅ ይጀምራል። በቀን አይሮጥም የምለው ለዚህ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ በሙቀት መሐል ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማ እዚያው ማቆም ነው። ሰውዬው መንገዳገድና መቀባዠር ከጀመረ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላልና ለመኪና ከመሯሯጥ በፊት ጥላ ውስጥ አስገብቶ መላ ሰውነቱን በውኃ ማራስና ማራገብ ይቀድማል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ማድረስ። በዚህ መስመር ላይ ሕይወት የምታተርፈው ይህች ቅደም ተከተል ናት።

ሾፌሩ፦ ውኃ በብዛት ጠጥቶ ቢወጣስ? በዚህ አገር ሙቀትን የምንመክተው በውኃ ነው።

ሲስተር፦ ውኃም ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት በመንገድ ላይ ከመጠን በላይ መጠጣታቸው ነበር። ለ20 ደቂቃ ሶምሶማ ከመውጣት በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ከተመለሱ በኋላ ጥም እስኪረካ መጠጣት፣ ከዚያም ጨው ያለበት ምግብ መብላት ይበቃል። በረመዳን ደግሞ ጿሚው ቀን ላይ መሮጥ የለበትም፤ ከፈለገ ከአፍጥር በኋላ፣ ምግቡ ረጋ ሲልለት ትንሽ ይንቀሳቀስ። ወሩን በእግር ጉዞ ብቻ ቢያሳልፈውም የሚቀርበት ነገር የለም።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ሙቀቱን በሰዓት አለፍሽው እንበል። የሰው ገላ ለዚህ ነገር ተሠርቷል ወይ የሚለው ግን ይቀራል። ጉልበት ያልቃል ይባላል። ሲሮጥ ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ታሪክም ይወራል። አሜሪካ ውስጥ ሩጫን ለሕዝብ ያስተዋወቀ መጽሐፍ የጻፈው ጂም ፊክስ ራሱ በ52 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እየሮጠ ሳለ አይደለም ወይ የሞተው?

ሲስተር፦ ስለ ገላችን አሠራር ሲነሳ ይህ ሸለቆ የሚናገረው አለው። ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚሁ አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቻላቸው ሥዩም፣ ሌዲ ገራሩ በተባለው ቦታ፣ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ግድም የሆነውን የመንጋጋ አጥንት አግኝቷል፤ የእኛ ወገን ለሆነው ለሆሞ ቀደምት ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ብራምብልና ሊበርማን የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፉት፣ የሆሞ ረጅም የተረከዝ ጅማት፣ ጠንካራ መቀመጫ፣ ጠጉር የሳሳበትና በላብ የሚቀዘቅዝ ቆዳ ለረጅም ርቀት ሩጫ የተመቸ ነው።

ሾፌሩ፦ እነሱ የሮጡት ለምግባቸው ነዋ! አደን ሲያገኙ ሮጡ፣ ሲጠግቡ ተኙ። አስፋልት አልነበረም፤ በሰዓት የሚለካ ፍጥነትም አልነበረም። እንዲያውም ሁሉም ሊቃውንት በዚህ ሐሳብ አይስማሙም ሲባል ሰምቻለሁ።

ሲስተር፦ አይስማሙም፤ ሐሳቡ ዛሬም ያከራክራል። እኔም ከዚያ ትንሹን ብቻ ነው የምወስደው፦ ሩጫ ለሰው ገላ ባዕድ አይደለም። እርስዎ ያሉት ደግሞ የኔን ነገር ያጠናክረዋል፤ ያ ገላ የለመደው እየሮጠ ማረፍን፣ እየሄደ መሮጥን ነው። አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላትን በሦስት ወገን ከፍሎ አይቶታል። ለጤናቸው ከሚሮጡት መካከል ችግሩ የታየው በ3.5 በመቶው፣ ከማይሮጡት በ10.2 በመቶው፣ ለውድድር ከሚሮጡት ደግሞ በ13.3 በመቶው ላይ ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቷቸው፣ ጋሼ። መቀመጥ ጉልበትን አላዳነም። የአትሌቱን ያህል መሮጥም አላዳነም። የተሻለው በመካከላቸው ያለው ነው። ልክ ስል ባዶ ምክር አይደለም፤ እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

የልቡ ነገርም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአሥር ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010፣ በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ከተሳተፉ 10.9 ሚሊዮን ሯጮች ልባቸው ቀጥ ያለው 59 ናቸው፤ ከእነሱም 42ቱ ሞተዋል። የአንዱም ሞት አይናቅም፤ ግን ከ100,000 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ያም የሆነው ረጅም ውድድር ላይ ነው። ፊክስ ደግሞ አባቱ በ43 ዓመታቸው በልብ ሕመም የሞቱበት፣ ራሱም ወደ ሩጫ ከመግባቱ በፊት ወፍራምና አጫሽ የነበረ ሰው ነው። ከሱ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ይኸው ነው፦ በቤተሰቡ የልብ በሽታ ያለበት፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን ጫን የሚለው ሰው ሳይመረመር አይጀምር። ግፊት መለካት ደግሞ ጤና ጣቢያ ብቅ ማለትን ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ሾፌሩ፦ እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ሰው በአዲስ ዓመት ወይም ሐኪም ሲያስፈራራው ይነሳል። ሁለት ሳምንት በየጧቱ ይሮጣል፣ ስለ ሩጫ ብቻ ያወራል። በሦስተኛው ሳምንት ያነክሳል፤ በአራተኛው ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ሩጫ ሲባል መስማት አይፈልግም። ይህን መውጣትና መውረድ ካላቆምሽው ጥናትሽ ለማን ይጠቅማል?

ሲስተር፦ ውድቀቱ የሚመጣበት ምክንያት ስለሚታወቅ ማለዘብ ይቻላል። ሩጫ ሲጀመር ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪው ትንፋሹ ሲከፈትለት እግሩም የደረሰ ይመስለዋል፤ ፍጥነትና ርቀት ይጨምራል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወይም የጉልበቱ ሥር ያኔ ይጮኻል። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሌላ ሥራ በየ1,000 የሩጫ ሰዓት ጀማሪዎች ወደ 17.8 ጊዜ፣ የለመዱት ግን 7.7 ጊዜ እንደሚጎዱ አግኝቷል። ጉዳቱ ከመነሻው ላይ ነው የሚበዛው፤ ጥንቃቄውም እዚያው መብዛት አለበት።

ሾፌሩ፦ ይህ ነገር ለሾፌር ይገባዋል። አዲስ ሞተር ሮዳጅ ሳይጨርስ ሙሉ ጭነት ተጭኖ ዳገት አይወጣም። ቢወጣም ጉዳቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ሲስተር፦ ልክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ሩጫ ሊባል አይገባውም። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንን እየደጋገሙ 20 ደቂቃ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሐሉ የዕረፍት ቀን እያስገቡ። ፍጥነቱን ለመወሰን ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። አብሮት ከሚሮጠው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር የሚችል ሰው ልኩ ላይ ነው፤ ቃል ቆርጦ ቆርጦ የሚያወጣ ከሆነ ፈጥኗልና ይቀንስ። እንደዚያም ተደርጎ መቋረጥ ይኖራል። ሾፌር ለሳምንታት መንገድ ላይ ይቆያል፣ ወባ ይይዛል፣ ለቅሶና ሠርግ ይመጣል። ያቆመ ሰው አቅሙ ይቀንሳል፤ ይህ የገላ ሕግ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ሲመለስ ካቆመበት ለመቀጠል ሲሞክር ነው። ከግማሹ ይጀምር፤ መጀመሪያ ካሳለፈው ጊዜ ፈጥኖ ይደርስበታል። የአትሌት ዓመት በአንድ ውድድር ቀን ሊበላሽ ይችላል። ለጤናው የሚሮጥ ሰው ግን የሚያመልጠው ቀን የለም፤ ጥቅሙ የሚቆጠረው በዓመታት ስለሆነ የአንድ ወር ማቋረጥ አይሰርዘውም።

ሾፌሩ፦ እስካሁን ያልሽው ሁሉ ሰውዬውን የሚመለከት ነው። አሁን መንገዱን እንይ። የት ይሮጥ? አስፋልቱ ላይ ልንገርሽ፤ የተጫነ ተሳቢ ሲያልፍ ነፋሱ ሰውን መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ጎማው ይስባል። ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሊቱን የነዳ ሾፌር ዓይኑ ደክሞ ባለበት ሰዓት፣ ጥቁር ቱታ የለበሰ ሰው ጠርዝ ላይ ቢሮጥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው የሚታየው። አንቺ ምረጪ ያልሽው ሰዓት ደግሞ ያው ነው። ከአስፋልት ሲወጣ ፕሮሶፒስ አለ። በ1970ዎቹ ግድም ወደ መካከለኛው አዋሽ አምጥተው የተከሉት ይህ ዛፍ የግጦሹን መሬት ወርሶታል፤ እሾሁ የሸበጥን ሶል አልፎ እግር ውስጥ ይሰበራል፣ ቦታው ያብጥና ሳምንት ያስቀምጣል። ጸጥታው ሲደፈርስም ከከተማ ወጥቶ የሚሮጥ የለም። ሴቷስ? እናትሽ ወይም እህትሽ በዚህ ከተማ ብትሮጥ ሰው እንዴት ያያታል? አዲስ አበባ ላይ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይሌ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ አለ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በወር አንድ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» ተባለ። እዚህ መንገዱ ለጭነት ነው።

ሲስተር፦ በዚህ አልከራከርዎትም፤ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከአስፋልቱ ላይ አይሮጥም። ሌላ ቦታ በፍጹም ከሌለ ፊትን ወደሚመጣው መኪና አዙሮ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ከጥርጊያው ውጪ ነው። የተሻለው ግን የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። አንዴ ዙሪያው ከእሾህ ከጸዳ፣ 200 ሜትር ዙር እንኳ ቢወጣው፣ ለመላ ከተማው ይበቃል። ሴቷም በሰፊ ልብሷ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር፣ በግቢው ውስጥ ፈጠን ያለ እርምጃና ሶምሶማ ማድረግ ትችላለች፤ ብቻዋን ወጥታ ከምትታይ ከአሥር ሴቶች ጋር ስትሆን የሰው ዓይንም ይለምደዋል። ቦታው ለጸጥታም ይመቻል። እንግዲህ የግለሰቡ ቁርጠኝነት ብቻውን እንደማይበቃ እርስዎ አሳይተዋል። በመቀመጥ ለሚመጣ በሽታ ሰውን «አልተንቀሳቀስክም» ብሎ መውቀስ ከመጀመሩ በፊት የሚንቀሳቀስበትን ቦታ መስጠት የቀበሌው፣ የወረዳውና የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ወጪውም ከባድ አይደለም፤ እሾህ መንቀል፣ መደልደል፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ ዳስ።

ታላቁ ሩጫን ስላነሱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ሲካሄድ 10,000 ሰው ተሳተፈ፤ በኋላ ከ40,000 አልፏል። ከፊት የሚሽቀዳደሙት ጥቂት ናቸው። ከኋላ ያለው ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየተጨዋወተ፣ ሲደክመው እየተራመደ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። ይህ የሚያሳየው ኢትዮጵያዊ ያለ ሜዳሊያም መሮጥ እንደሚያውቅ፣ እንደሚያስደስተውም ነው። የሚቆጨኝ ለብዙው ሰው በዓመት የአንድ ቀን ነገር ሆኖ መቅረቱ ነው። ሳይዘጋጁ በአንድ እሑድ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሳምንት ማነከስ ጤና አይሰጥም። ያ ደስታ በየሳምንቱ፣ በየከተማው፣ በትንሽ በትንሹ ቢከፋፈል ግን ይሰጣል። ቆላ በመሆናችን ደግሞ አንድ ነገር እናተርፋለን፤ ከ1,000 ሜትር በታች ያለው አየር ከደጋው የበለጠ ኦክስጅን አለው፣ ጀማሪ ቶሎ አያለከልክም።

ሾፌሩ፦ ከጀመርንበት ርቀናል። ሩጫ የአትሌት ነው ብዬ ነበር፤ አሁን የምለው ይህ ነው፦ የአትሌቱ ሩጫ የአትሌቱ ነው፣ ሌላም ሩጫ አለ። ግፊቱን ያልተለካ ሰው አይጀምር ያልሽውን፣ በሐጋይ ይቅር ያልሽውን፣ ከአስፋልት ራቁ ያልሽውን ይዣለሁ። አንድ ጥርጣሬ ግን ይቀረኛል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከሚያደርግ በእግሩ ቢሄድ አይሻለውም?

ሲስተር፦ ለብዙው ሰው ይሻለዋል፤ ይህንን ሳላመነታ እላለሁ። እርግዝና ላይ ያለች፣ መገጣጠሚያው የታመመ፣ በጣም የወፈረ ሰው ከእርምጃ ይጀምር፤ እዚያው ቢቀርም ትልቅ ነገር ሠርቷል። ሩጫ የሚበልጠው በጊዜ ነው፦ ጊዜ የሌለው ሰው በእርምጃ 40 ደቂቃ የሚወስድበትን በ20 ደቂቃ ያገኘዋል። ተሳቢውን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ብቻ ለሚያርፍ ሾፌር ይህ ትንሽ አይደለም። ግን እርምጃም ሆነ ሶምሶማ፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ ትናንት ከነበርኩበት ዛሬ ምን ያህል እችላለሁ የሚል። ይህንን የሚጠይቅ ሰው በሙቀት አይወድቅም፣ ጉልበቱን አይሰብርም፣ ሲያቋርጥም አያፍርም። አገራችን ከስልሳ ዓመት በላይ ሩጫን በሜዳሊያ ለክታለች፤ በሚገባም ኮርታለች። ከዚያው ጎን አሁን መቆጠር ያለበት ሌላ ቁጥር አለ፦ በአዳይቱ፣ በአዋሽና በሰመራ ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው ግፊታቸው የተስተካከለ፣ ደረጃ ወጥተው የማያለከልኩ፣ ከልጆቻቸው ጋር ሜዳ ዞረው የሚመለሱ ሰዎች ስንት ናቸው? ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ነው ሩጫ የሕዝብ ሆነ የምንለው።